የኛ ሲደበድብ «መከላከል»፣ የነሱ ሲደበድብ «ጦረኝነት»

አወያይ፦ ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ከትናንት ወዲያ ነገሩ ወደ ስድብ ስለዞረ ግሩፑን ዘግቼው ነበር፣ አሁን ከፍቼዋለሁ። ጥያቄው ይኸው ነው፦ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ያለ ኮንግረስ ፈቃድ ሌላ አገር ሲደበድብ የምንቃወመው ድብደባውን ነው ወይስ ሰውየውን? ወርና ዓመቱ በፈረንጅ ይሁን። የተሳደበ ይወጣል።

የሌሊት ሾፌር፦ እኔ ልጀምር። ጁን 2025 ትራምፕ የኢራንን የኒውክሌር ተቋማት፣ ፎርዶን፣ ናታንዝንና ኢስፋሃንን ሲያስደበድብ እዚህ ቤት «ሕገ መንግሥት ተጣሰ» ያላለ ሰው አልነበረም። ጃንዋሪ 2024 ባይደን የመን ላይ ሁቲዎችን ሲደበድብ ግን ድምፃችሁ የት ገባ? እሱስ ኮንግረስን መቼ አስፈቀደ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሁቲዎቹ ቀይ ባሕር ላይ የንግድ መርከብ እየመቱ ነበር። ኢራን በዚያ ሳምንት አሜሪካ ላይ ምን ተኮሰች?

የሌሊት ሾፌር፦ መጣች የእናቴ መቀነት። ወደ ላይ ወጥቼ ያገኘሁትን ልለጥፍልሽ፣ የራስሽ ጽሑፍ ነው። ጃንዋሪ 2024፦ «መርከብ ሲቃጠል ጠቅላይ አዛዡ ስብሰባ አይጠራም።» ጁን 2025፦ «ጦርነት የሚያውጀው ኮንግረስ ብቻ ነው፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ አንድ አንብቡ!» አንቀጽ አንድ በ2024 ገና አልተጻፈም ነበር?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እሺ፣ ተያዝኩ። አልደብቅም። ግን እኔም ወደ ላይ መውጣት እችላለሁ። አንተ በ2024 «ሽማግሌው ሳያስፈቅድ ሌላ ጦርነት ከፈተ» ብለህ ጽፈሃል። በ2025 የለጠፍከው ደግሞ የትራምፕን ፎቶ ነው፣ ከሥሩ «አንበሳው»። አንበሳው ማንን አስፈቀደ?

የሌሊት ሾፌር፦ ...

ዳላስ፦ ሁለታችሁንም እግዜር ይይላችሁ። ለማንኛውም ይህ የናንተ በሽታ ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን ፖስትና ኤቢሲ ያወጡት የሕዝብ አስተያየት አለ። በ2013 ሶሪያ ውስጥ ጉታ ላይ ሰው በጋዝ ከተገደለ በኋላ ኦባማ የአሳድን መንግሥት ልምታ ሲል ከሪፐብሊካኖቹ የደገፉት 22 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ትራምፕ ራሱ ያኔ በትዊተር «ኮንግረስን ሳያስፈቅድ ቢመታ ትልቅ ስህተት ነው» ሲል ነበር። አፕሪል 2017 ላይ ማንንም ሳያስፈቅድ 59 ቶማሃውክ ሚሳይል የሶሪያው ሻይራት የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲያወርድ የደጋፊው ቁጥር ስንት ሆነ? 86 ከመቶ። አሳድ ያው አሳድ፣ ጋዙም ያው ጋዝ። የተለወጠው ፈራሚው ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ የዴሞክራቶቹን ቁጥር ለምን ዘለልከው? 38 ከመቶ ነበር፣ 37 ሆነ። አልተነቃነቁም። ስለዚህ «ሁለቱም ወገን እኩል ነው» አትበሉኝ።

ቀይ እስክርቢቶ፦ ሶሪያ ላይ ልክ ነሽ፣ እህቴ። ወደ ሊቢያ ስንመጣ ግን ሌላ ነው። በ1973 ኮንግረስ የኒክሰንን ቬቶ ሽሮ ያወጣው የጦርነት ሥልጣን ሕግ አለ፦ ፕሬዚዳንቱ ጦር ባዘመተ በ48 ሰዓት ውስጥ ያሳውቃል፣ በ60 ቀን ውስጥ ካላስፈቀደ ያቆማል። ኦባማ ሊቢያን መደብደብ የጀመረው ማርች 19 ቀን 2011 ነው። 60ኛው ቀን በሜይ ደረሰ፣ አለፈ፣ ድብደባው ቀጠለ። የኦባማ ሰዎች ሲጠየቁ ምን አሉ? የእግረኛ ጦር የለንም፣ አሜሪካዊ አልሞተም፣ ስለዚህ ሕጉ «ግጭት» የሚለው ውስጥ አይገባም። አውሮፕላን ቦምብ ይጥላል፣ ግጭት ግን የለም! ይህን ሴኔት ፊት ቀርቦ ያስረዳው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የሕግ አማካሪ ሃሮልድ ኮህ ነው። ዬል ላይ የሕግ መምህር ሳለ የፕሬዚዳንት የጦር ሥልጣን ይገደብ እያለ የኖረ ሰው። ኦባማም በ2007 እጩ ሳለ ለአንድ ጋዜጣ የሰጠው መልስ ግልጽ ነበር፦ በአገሪቱ ላይ የተቃጣ አደጋ እስከሌለ ድረስ ፕሬዚዳንቱ ብቻውን ጥቃት የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ያኔ ከዴሞክራት ደጋፊዎች ስንቱ ሰልፍ ወጣ?

ጋሽ ሲያትል፦ ልጆቼ፣ እናንተ የምታወሩት የትናንቱን ነው። ኦገስት 1998 ናይሮቢና ዳሬሰላም የአሜሪካ ኤምባሲዎች ከተመቱ በኋላ ክሊንተን አፍጋኒስታንንና ካርቱም ያለውን የአል ሺፋ መድኃኒት ፋብሪካ በሚሳይል አስመታ። ከሞኒካ ሉዊንስኪ ጋር ስለነበረው ግንኙነት ለመርማሪዎች ቃሉን ከሰጠ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እኔ ያኔ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው፣ ዳስ ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ ነበረችኝ። በየጠዋቱ መኪናውን የሚተውልኝ ሰውዬ ቁልፉን እያቀበለኝ «ይሄ የሞኒካ ጦርነት ነው፣ ሚሳይሉ ለጋዜጠኛ ዓይን ነው የተተኮሰው» አለኝ። እውነት መሰለኝ፣ ለሱዳኖቹም አዘንኩ። ይኸው ሰውዬ በ2003 ቡሽ ኢራቅ ሲገባ በመኪናው ሁለት መስኮት ሁለት ባንዲራ ሰክቶ መጣ። «አሁንስ ለማን ዓይን ነው?» ልለው ፈልጌ ቲፑ አሳሳኝና ተውኩት።

የሌሊት ሾፌር፦ ጋሼ፣ ቲፕ ስንቱን አፍ ዘጋ!

ጋሽ ሲያትል፦ ሳቅ ልጄ፣ ሳቅ። ኮሶቮ ላይም ያው ነው። በ1999 ክሊንተን ሰርቢያን ለ78 ቀን ሲያስደበድብ የተወካዮች ምክር ቤቱ የአየር ዘመቻውን ልደግፍ አልደግፍ ብሎ ድምፅ ሰጠ፣ 213 ለ213 ወጣ። አብዛኞቹ ሪፐብሊካኖች እምቢ አሉ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ቡሽ ኢራቅን ሲጠይቃቸው እምቢ ያሉት ስድስት ብቻ ናቸው። በሦስት ዓመት ሁሉም ዓይናቸው በራ እንበል?

ዳላስ፦ የሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት መሐል ገብቷል እኮ ጋሼ።

ጋሽ ሲያትል፦ ገብቷል፣ ልክ ነህ። ግን ሕንፃውን የመታው ኢራቅ አልነበረም።

ቀይ እስክርቢቶ፦ እዚህ ላይ ልቁም፣ ምክንያቱም ክርክራችን አንድ ቦታ ተሰናክሏል። ሁላችንም «ኮንግረስ ፈቀደ ወይስ አልፈቀደም» የሚለውን መለኪያ አድርገነዋል። ኢራቅ እኮ ተፈቅዷል! ኦክቶበር 2002፣ ምክር ቤቱ 296 ለ133፣ ሴኔቱ 77 ለ23። ከዴሞክራት ሴናተሮች 29ኙ እሺ ብለዋል። ኬሪ፣ ሂላሪ፣ ባይደን፣ በኋላ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ሦስቱም እሺ ብለዋል። እዚህ ከጠራናቸው ሁሉ ሕጉን አሟልቶ የተገባበት ጦርነት እሱ ነው፣ ከሁሉም የከፋውም እሱ ነው። ሊቢያ ሳይፈቀድ ተበላሸ፣ ኢራቅ ተፈቅዶ ተበላሸ። ስለዚህ «አስፈቅዷል» የሚለው ብቻውን የሰው ነፍስ አያድንም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ታዲያ ፈቃዱ ለምን ይጠቅማል?

ቀይ እስክርቢቶ፦ ስም ያስመዘግባል። ማን እሺ እንዳለ፣ ማን እምቢ እንዳለ። ሂላሪን በ2008 ኦባማ ያሸነፋት በከፊል በዚያች ድምፅ ነው። እነሱም ይህን ስለሚያውቁ ድምፅ መስጠት አይወዱም። ጁን 24 ቀን 2011ን ተመልከቱ። ምክር ቤቱ ጠዋት የሊቢያን ዘመቻ ልፍቀድ ብሎ ተሰበሰበ፣ 295 ለ123 ውድቅ አደረገው። በዚያው ቀን ታዲያ ገንዘቡን ልከልክል አለ፣ እሱንም 238 ለ180 ውድቅ አደረገው። አልፈቅድም፣ አልከለክልምም! ከተሳካ ጨበጨብን፣ ካልተሳካ ተቃውመን ነበር። በሁለት ቢላዋ መብላት ይሏል ይህ ነው። ደጋፊ የሚገለባበጠው መሪዎቹ ቁርጥ ያለ ነገር ስለማይነግሩት ጭምር ነው።

የሌሊት ሾፌር፦ እና ያልተገለበጠ የለም ነው የምትለው?

ቀይ እስክርቢቶ፦ አለ እንጂ። የምክር ቤት አባሏ ባርባራ ሊ በ2001 ከሴፕቴምበር 11 በኋላ የጦር ፈቃድ ሲሰጥ ከ421 ሰው ብቻዋን እምቢ አለች። የምክር ቤቱ ዴሞክራት ኩሲኒች የራሱን ፓርቲ ፕሬዚዳንት በሊቢያ ጉዳይ ፍርድ ቤት ገተረው። ቲም ኬን፣ ያው የናንተው የቨርጂኒያው ሴናተር፣ ኦባማንም ትራምፕንም በአንድ ቋንቋ ነው የሞገተው። ዴሞክራቱ ሮ ካና በ2024 ባይደንን ተቃወመ፣ በ2025 ከሪፐብሊካኑ ማሲ ጋር ሆኖ ትራምፕን። የሁሉም ዕጣ ያው ነው፦ የገዛ ፓርቲያቸው አይወዳቸውም።

ዳላስ፦ እኔ ግን የማይዋጥልኝ አንድ ነገር አለ። «ያኔ የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ መሸሸጊያ ሆኗል። ሌባ ሌባን «ሌባ» ቢለው የተሰረቀው በሬ አልተሰረቀም ማለት ነው? እህታችን በ2024 ዝም ማለቷ የ2025ቱን ድብደባ ሕጋዊ አያደርገውም። ሾፌሩ እሷን በመያዝ ብቻ ስለ ኢራን አንድ ቃል ሳይመልስ አለፈ እኮ፣ ልብ በሉ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ዕድሜ ይስጥህ!

ጋሽ ሲያትል፦ እኛስ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆን። ኦክቶበር 2020 ትራምፕ ስለ ሕዳሴ ግድብ ሲናገር ግብፆች «ያፈነዱታል» ሲል አብደን ነበር። ዓመት ሳይሞላ ባይደን በትግራዩ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያ ላይ የማዕቀብ ትእዛዝ ፈረመና ስንቶቻችን ቨርጂኒያ ውስጥ ለሪፐብሊካኑ እጩ በር አንኳኳን?

የሌሊት ሾፌር፦ እሱ ግን ሁለት ሚዛን አይደለም ጋሼ። መለኪያችን ሁሌም አንድ ነበር፣ ኢትዮጵያ። ፓርቲው ነው የተቀያየረው።

ጋሽ ሲያትል፦ መልካም መልስ ነው። የመንና ሊቢያ ያለው ሰው ግን በየትኛው ሚዛን ይለካ?

አወያይ፦ እንዲህ እናድርግ። ቀጣዩ ፕሬዚዳንት ማን እንደሆነ፣ የሚመታው አገር የት እንደሆነ ሳናውቅ ሁላችሁም አሁን ጻፉ፦ ምን ሲሆን ትደግፋላችሁ፣ ምን ሲሆን ትቃወማላችሁ? ፒን አደርገዋለሁ፣ ቀኑ ሲደርስ እናወጣዋለን።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ በአሜሪካ ሰው ላይ እየተተኮሰ ካልሆነ በቀር፣ ሳይፈቀድ የሚደበድብን ሁሉ እቃወማለሁ። የኔ ፓርቲ ቢሆንም። ጻፍኩት፣ ወዮልኝ።

ቀይ እስክርቢቶ፦ «እየተተኮሰ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ካልጻፍሽ ሃሮልድ ኮህ መሆንሽ ነው።

የሌሊት ሾፌር፦ የኔ ረዘም ስለሚል በኋላ። ተሳፋሪ መጣብኝ፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ነኝ።

አወያይ፦ ትናንትም ማታ ተሳፋሪ መጥቶብህ ነበር።