የአባቴ የግፊት ክኒን

ጥያቄ (ከደሴ)፦
አባቴ 76 ዓመቱ ነው፤ የሚኖረው ሐይቅ አጠገብ ነው፤ እስከ አምና ድረስ በሬ ጠምዶ ያርስ ነበር። ከሦስት ወር በፊት የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘበት፤ እንዳልተሰራጨ ተነግሮናል። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ከያዘው ግን ቆይቷል። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቀው ሄጄ ቡናው እስኪፈላ ከግድግዳው ምስማር ላይ የክኒኑን ፌስታል አወረድኩ። የግፊቱ ክኒን እንደገዛሁለት ተቀምጧል፤ አንድ ፍሬ አልጎደለም። «ካንሰር ለያዘው ሰው የግፊት ክኒን ምን ይሠራለታል? ገንዘብሽን አታባክኚ ልጄ» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ማታ «ፕሬዲክት ፕሮስቴት» የሚባለውን፣ የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚ የመኖር ዕድሉን የሚገምተውን የእንግሊዞቹን የኢንተርኔት ማስያ ሞላሁ፦ ዕድሜ፣ ፒኤስኤ (የፕሮስቴት የደም ምርመራ ውጤት)፣ የባዮፕሲው (ከዕጢው ተወስዶ የተመረመረው ናሙና) ደረጃ፣ ተጓዳኝ ሕመም። የሞት ግምቱን ለሁለት ከፍሎ አሳየኝ፤ በካንሰሩና በሌላ ምክንያት። የበለጠው ሌላው ምክንያት ነው። እንዲህ ሊሆን ይችላል?

መልስ (ከኮምቦልቻ፣ የስታቲስቲክስ መምህር)፦
አብሽሪ እህቴ። ይችላል። ይህ ካንሰር ሳይሰራጭ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፤ በአባትሽ ዕድሜ ልብ ወይም ስትሮክ ሊቀድመው ይችላል። እኛ ተፎካካሪ የሞት ምክንያቶች እንላቸዋለን፤ አንዱ ከቀደመ ለሌላው ተራ አይደርሰውም።

ይህን የዘነጋ ስሌት ካንሰሩን ያገዝፈዋል። ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የምጽፍላቸው ምሳሌ አለ። 100 ታማሚዎች አሉ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት 50ዎቹ በልብ ሕመም ሞቱ። በሁለተኛው ዓመት ከቀሩት 50 ውስጥ 10 ሰዎች በካንሰር ሞቱ። በካንሰር የሞቱት ከ100 ሰው 10 ናቸው። በልብ የሞቱትን «ከክትትል የወጡ» ብለን ካፕላንና ማየር የተባሉ የስታቲስቲክስ ሰዎች በ1958 ባወጡት ዘዴ ብናሰላ ግን ከ50 ሰው 10፣ ማለትም 20 በመቶ ይወጣል። የተቀበሩትን ሰዎች ገና በካንሰር ሊሞቱ ይችላሉ ብሎ እንደ መቁጠር ነው! ፋይንና ግሬይ የተባሉ ሌሎች ባለሙያዎች በ1999 ሌላ ሞዴል ያቀረቡት ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው።

የማስያውን አኃዝ ግን እንዳለ አትውሰጂው። የተሠራው በእንግሊዝ ታማሚዎች መረጃ ነው፤ «ሌላ ምክንያት» የሚለውም የእነሱን ኑሮና ሕክምና ይዞ ነው የተሰላው። የእኛ ገበሬ የግፊት ክኒኑን ትቶ ሲቀመጥ ያ ክፍል ከዚያም ሊሰፋ ይችላል።

መልስ (ከወልድያ፣ ነርስ)፦
እናቴ የጡት ካንሰር ነበረባት። ቤተሰቡ በሙሉ ዓይኑን ዕጢው ላይ ተክሎ ሳለ ግፊቷን የለካላት አልነበረም፤ እኔም ጭምር። በስትሮክ አንድ ሌሊት ተለየችን። ዕጢው ያን ጊዜ ቀንሶ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ለአባትሽ ለካንሰሩ የሆርሞን መርፌ ከታዘዘ ስኳሩን ከፍ ሊያደርግበት፣ ለልብ ሕመምም ሊያጋልጠው ይችላል። ለሐኪሙ ግፊትና ስኳር እንዳለበት፣ ክኒኑንም ማቆሙን ሳትደብቂ ንገሪው።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ትናንት ሐይቅ ደርሼ ተመለስኩ። ስለ ማስያው ትንፍሽ አላልኩም። «ካንሰሩ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ግፊቱ ግን ፈረሰኛ ነው» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ፌስታሉን ወደ ጉልበቱ ሳበና «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ ጠየቀኝ።