ከጡት ካንሰር ውጤት በኋላ የሕክምና መዘግየትንና የስልክ ቀጠሮን እንዴት ቻላችሁት?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ በተደረገልኝ የናሙና ምርመራ የጡት ካንሰር እንዳለብኝ ተረጋግጧል። ውጤቱን ከሰማሁ ወዲህ የቀዶ ሕክምናው ቀን በተደጋጋሚ የተላለፈ ሲሆን፣ ከካንሰር ሐኪሙ ጋር የነበረኝ ቀጠሮም በአካል መሆኑ ቀርቶ በስልክ እንዲሆን ተደርጓል። ስልኩ ሲደወል ላነሣው ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል፤ ከተዘጋ በኋላም ሐኪሙ ከተናገሩት ግማሹን እንኳ ለቤተሰቤ ማስረዳት ያቅተኛል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን እንዲህ ስጠብቅ በሽታው እየተሰራጨ ይሆን የሚለው ሐሳብ ነው። መዘግየቱ ምን ያህል ሊያሳስበኝ ይገባል? ጡቴን በእጃቸው ያልዳሰሱ ሐኪምስ በስልክ ብቻ ሕክምናዬን ሊወስኑልኝ ይችላሉ?

መልስ፦ ሕክምናዋን ጨርሳ በክትትል ላይ ካለች

እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። ቀኑ ስለተላለፈ ብቻ ተረስቻለሁ ብለሽ አትደምድሚ፤ ዝም ብለሽም አትጠብቂ። መጀመሪያ የምትጠብቂው ምን እንደሆነ እወቂ። ናሙናው ካንሰር መሆኑ ከታወቀ በኋላ እጢው የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ተቀባዮች ያሉት መሆኑና ሄር-2 የተባለው ፕሮቲን በዝቶ መገኘት አለመገኘቱ ይመረመራል። የሄር-2 ውጤት 2+ ሆኖ ከመጣ በዚያ ብቻ መወሰን ስለማይቻል ፊሽ የተባለ ተጨማሪ ምርመራ ይታዘዛል፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። እነዚህ ውጤቶች ሳይሟሉ ወደ ቀዶ ሕክምና መቸኮል ሊጎዳ ይችላል፤ ምክንያቱም ሄር-2 የበዛበት ወይም ሦስቱም ያልተገኙበት እጢ መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው የካንሰር ሕዋሳትን በሚገድል መድኃኒት፣ ማለትም በኬሞቴራፒ (ኬሞ) ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቆይታ የሕክምናው አካል ነው። ሪፈራሉ ሳይላክ ወይም ውጤቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሳይተላለፍ ቀርቶ ከሆነ ግን መታገሥሽ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ደውለሽ የቀጠሮው መተላለፍ ምክንያት ምን እንደሆነ፣ የትኛው ውጤት እንደሚጠበቅና ጉዳይሽን በስም የሚከታተለው ማን እንደሆነ ጠይቂ። መጠየቅን እንደ ድፍረት የሚቆጥር ሰው ቢያጋጥምሽም አትፈሪ።

መልስ፦ በካንሰር ሕክምና ክፍል ከምትሠራ ነርስ

የመጀመሪያው መልስ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ጊዜው ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ባወጣው የጡት ካንሰር መርሐ ግብር፣ አንዲት ሴት ምልክቱን ይዛ መጀመሪያ ከቀረበችበት ቀን አንሥቶ ምርመራው በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ፣ ሕክምናውም በሦስት ወራት ውስጥ እንዲጀመር ይመክራል። በ2020 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣና ጡትን ጨምሮ የተለያዩ ካንሰሮችን የተመለከተ ጥናት ደግሞ የቀዶ ሕክምና በአራት ሳምንት በዘገየ ቁጥር የሞት አደጋ ከ6 እስከ 8 በመቶ እንደሚጨምር አመልክቷል። ይህ አኃዝ የሚያስደነግጥ ቢመስልም አንጻራዊ መሆኑን ያስተውሉ፤ ከመቶ ሴቶች የአሥሩን ሕይወት ሊያሰጋ የነበረው አደጋ ወደ አሥራ አንድ ይጠጋል ማለት እንጂ ስምንት ሴቶች ይጨመራሉ ማለት አይደለም። የጥቂት ቀናት ልዩነት እንቅልፍ ሊነሣዎት አይገባም፤ ወራት ሲደራረቡ ግን አጥብቀው መጠየቅ ይገባዎታል። እጢዎ የሆርሞን ተቀባይ ካለው፣ ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ታሞክሲፈን ወይም ያረጡ ከሆነ እንደ ሌትሮዞል ያለ፣ ሆርሞኑ እጢውን እንዳያሳድግ የሚከላከል እንክብል ሊጀመርልዎ ይችል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ቀዶ ሕክምና ሲዘገይ ይህ ተደርጓል።

ስለ ስልኩ፦ የምርመራ ውጤት ማስረዳትና መድኃኒት ማስተካከል በስልክ ይቻላል። ጡትንና ብብትን መዳሰስ ግን አይቻልም፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በአካል ሊያዩዎት ይገባል። ጡትዎ በድንገት ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ፤ ፈጥኖ የሚሄድ የካንሰር ዓይነት ምልክት ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ ባለቤቱን ካስታመመ

እኛን የጠቀመን የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ አብሮ መስማት ነበር፤ ባለቤቴ ስትነጋገር እኔ እጽፍ ነበር። መቅዳት ከፈለጉ ሐኪሙን አስቀድመው ያስፈቅዱ። ከመዘጋቱ በፊት «እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው» ብለው መልሰው ይንገሯቸው፤ የተሳሳተ ነገር ካለ እዚያው ይታረማል። የተባለው ሁሉ በጽሑፍ እንዲላክልዎም ይጠይቁ። አንዳንድ የሕክምና ተቋማት ቁጥራቸውን ሳያሳዩ ስለሚደውሉ በዚያ ቀን የማያውቁትን ጥሪም ያንሡ። የስልክ ቀጠሮን ሁሉም እንደ ሁለተኛ ደረጃ አገልግሎት ሲያየው አልስማማም፤ በኬሞ ደክማ ሳለች የደም ውጤቷን ለመስማት ብቻ ሰው በተጨናነቀበት ክፍል አለመቀመጧ ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነበር።

መልስ፦ ከነርሷ

ኬሞን ካነሡ አይቀር፦ ኬሞ ከተጀመረልዎ በኋላ ሙቀትዎ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የስልኩ ቀጠሮ ነገ ቢሆንም እንኳ አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱና ኬሞ ላይ መሆንዎን በቅድሚያ ይናገሩ።