አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ፦ የትኛው ኮምፔንሳቶ? የትኛው ሬዚን?

ባለ ጠባብ ግቢ

ሰላም ለሁላችሁም። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ በመቅዘፊያ የምትሄድ፣ ቅዳሜ ጠዋት መኪና ላይ ጭኜ ዝዋይ የማወርዳት ትንሽ ጀልባ ልሠራ አስቤያለሁ። ለቆሮሶ ነው፣ ለሌላ አይደለም። ቦታዬ አራት ኪሎ ነው። ግቢው 4 በ3 ሜትር ሲሆን ግማሹ በቆርቆሮ ተከድኗል። የግቢው በር 88 ሳንቲም ነው። ከበሩ እስከ መኪና መንገዱ ያለው መተላለፊያ ወርዱ 1 ሜትር ሆኖ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ይታጠፋል።

ትራፓኖ፣ ጂግሶ፣ መላጊያና ስድስት ሞርሴቶ አለኝ። የምጠይቀው፦ ባለ 6 ሚሊ ተራ ኮምፔንሳቶ ይበቃል ወይስ ለኮንክሪት ፎርምዎርክ የሚውለው ፊልም የለበሰው ይሻላል? የመኪና ቦዲ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ሬዚንና (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ) ፋይበር ግላስ ይሆናል? ክረምቱ ሳይገባ ለመጨረስ መቼ ልጀምር?

ሰጋቱራ

ወንድሜ፣ ከኮምፔንሳቶው በፊት መተላለፊያህን እንይ። የኮምፔንሳቶ ሙሉ ልክ 122 በ244 ነው። ሳይቀጠል የሚወጣው ጀልባ ርዝመቱ 235 ሳንቲም ገደማ፣ ከላይ በከንፈሩ ወርዱ 120፣ ቁመቱ 45 ይሆናል። በጎኑ ካቆምከው በ88 በር ያልፋል፣ እሱ አያሳስብም። ችግሩ መታጠፊያው ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ማዕዘን ላይ 45 ሳንቲም ውፍረት ያለው ነገር ከ1 ሜትር ከ90 በላይ ርዝመት ካለው አይዞርም። ስለዚህ ምንም ሳትገዛ በሊስቴሎ 235 በ45 ፍሬም ምታና ከአንድ ሰው ጋር ተሸክማችሁ እስከ መኪናው ድረስ ውሰዱት። ካልዞረ እንደ ቁም ሣጥን ቀጥ አድርጋችሁ ሞክሩ።

አሁን ኮምፔንሳቶው። ፊልም የለበሰው 18 ሚሊ አንዱ ብቻውን ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሙጫው ውሃ ይችላል፣ ግን ፊልሙ ሬዚን አይቀበልም። ፍቀህ ልታነሣው ትችላለህ፣ ክብደቱ ግን እንኳን ለጀርባህ ለመኪናህም አይሆንም። ባለ 6 ሚሊ ውሰድ። አንዱ 10 ወይም 11 ኪሎ ነው።

የሻጩን «ውሃ አይነካውም» አትመን፣ ቀቅለው። ከምትገዛበት ክምር 10 በ10 ሳንቲም ቁራጭ ለምነህ አንድ ሰዓት ቀቅል፣ ፀሐይ ላይ አድርቅ፣ ይህን ሦስት ጊዜ ድገመው። ንብርብሩ ጫፉ ላይ በጥፍር የሚከፈት ከሆነ ለኮርኒስ ይሁን፣ ለጀልባ አይሆንም። ከዚያ ጠርዙን በባትሪ እያበራህ ተመልከት። በመሃለኛው ንብርብር ውስጥ እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት ካየህ ሌላ ምረጥ፤ ጎን ሲታጠፍ የሚሰበረው እዚያው ጋ ነው።

ሦስት ሉህ ይበቃሃል። አንዱ ለሁለቱ ጎኖች፣ አንዱ ለወለሉ፣ አንዱ ለፊትና ለኋላ ግድግዳ እና ለመቀመጫ። የፊትና የኋላውን ሁለት 6 ሚሊ አጣብቀህ 12 አድርገው። የራስህን ቅርጽ ከመሳል የታወቀ የፕራም (ፊቱም ኋላውም ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ ጀልባ) ፕላን ተከተል፣ ወለሉ ከፊትና ከኋላ ምን ያህል እንደሚነሣ በዓይን አይገመትም።

ጎኖቹን ለየብቻ አትቁረጥ። ሉሁን በቁመቱ ለሁለት ክፈልና ሁለቱን ግማሾች በሞርሴቶ አጣብቀህ አንድ ላይ ቁረጥ፣ አንድ ላይ ላግ። ሦስት ሚሊ ቢለያዩ ጀልባዋ ዕድሜ ልኳን ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች።

ቁራጮቹን መጀመሪያ በሽቦ ትሰፋቸዋለህ፣ ከዚያ በሬዚን ታጣብቃቸዋለህ። ስፌቱ ላይ ከጠርዝ 1 ሳንቲም ገባ ብለህ በ2 ሚሊ የትራፓኖ ፑንታ ቀዳዳ ብሳ፣ ርቀቱ 15 ሳንቲም፣ ቅርጹ በሚታጠፍበት የፊተኛው ክፍል ደግሞ 8። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ የመዳብ ሽቦ አስገብተህ በፒንሳ ጠምዝዝ። የፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦም ይሠራል፤ ግን አንዲት ቁራጭ ውስጥ ከቀረች ዝገቷ በቀለሙ ላይ ይወጣል። ከማጥበቅህ በፊት ከፊት ግራ ማዕዘን እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ለካ፤ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ይህ ብቻ ግን ጥምዝ አያሳይም። ሁለት ቀጥ ያሉ ሊስቴሎዎች፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ በከንፈሩ ላይ አጋድመህ ከኋላ ዝቅ ብለህ ተመልከት። የአንዱ ጠርዝ ከሌላው ጋር ካልተደረበ ከሥሩ ሽብልቅ አስገብተህ አስተካክል። ሬዚን ከገባ በኋላ ማስተካከያ የለም።

ለከንፈሩ ዋንዛ፣ 2 በ4 ሳንቲም። ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ቪት ሲገባበትም ይሰነጠቃል።

ሬዚን ቤት

የሬዚኑን እኔ ልመልስ። ቦዲ ሠሪዎች ዘንድ ያለው ፖሊስተር ነው። ብረት ላይና ፋይበር በፋይበር ላይ ሥራውን ይሠራል። እንጨት ላይ ግን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ አይነክስም። እንጨቱ እርጥበት ስቦ ሲያብጥ እንደ ቅርፊት በሙሉ ይነሣል። ለዚህ ሥራ ኢፖክሲ የሚባለው ሬዚን ነው የሚያስፈልገው። ለጠረጴዛና ለወለል የሚሸጠው ይሆናል፣ ብቻ ወፍራም ሆኖ ለመፍሰስ የተሠራውን ሳይሆን ቀጭን ለመቀባት የሚሆነውን ጠይቅ። ለዚህ ልክ 6 ኪሎ ገደማ ከነሃርድነሩ (ማጠንከሪያው) ያዝ።

የፋይበሩንም ዓይነት ለይ። ያ ቁርጥራጭ ክር የተበተነበት ምንጣፍ መሰሉ የተያያዘው በፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን በሚሟሟ ማያያዣ ነው። ኢፖክሲ ስታይሪን የለውም፤ ስለዚህ ምንጣፉ እንደ ደረቀ ካርቶን ይቆምብሃል እንጂ ማዕዘን ላይ አይተኛም። የተሸመነውን ጨርቅ፣ በካሬ 200 ግራም የሆነውን፣ 5 ካሬ ውሰድ። ግማሹ ወለሉን ከውጭ ይሸፍናል፣ ሌላውን 8 ሳንቲም ስፋት እያደረግህ ለስፌት ትቆርጠዋለህ። በውስጥም በውጭም 25 ሜትር ያህል ጥብጣብ ይወጣል።

ትልቁ ስሕተት ከፖሊስተር የመጣ ልማድ ነው። ፖሊስተር ላይ ለኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ጠብ ታደርጋለህ፣ ሲበዛ ይፈጥናል። ኢፖክሲ እንዲህ አይደለም። ሃርድነር ብትጨምር ትርፉ ሳይጣበቅ ውስጡ ቀርቶ ለዘላለም ሙጫ ሙጫ ይላል። ጣሳው ላይ ያለው ልክ በይዘት ነው በክብደት? አንብብ። ሃርድነሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሬዚኑ ስለሚቀልል በይዘት 2 ለ1 የተባለው በሚዛን 2 ለ1 አይሆንም። ለትንሽ ልክ ከፋርማሲ ሁለት ትልልቅ ስሪንጅ በቂ ነው፣ አንዱ ለሬዚን አንዱ ለሃርድነር፣ እንዳታምታታቸው ምልክት አድርግባቸው። በአንድ ጊዜ ከ200 ግራም በላይ አትበጥብጥ፣ እንደበጠበጥክም ወደ ሰፊ ትሪ ገልብጠው። ጠባብ ኩባያ ውስጥ የተተወ ሬዚን ራሱን አሙቆ ይጨሳል።

ለስፌቱ ውስጠኛ ማዕዘን ሬዚኑን በደቃቅ ሰጋቱራ ታወፍራለህ። ከአናጺ ቤት የሚወጣው ሻካራው አይሆንም። ከማለስለሻ ማሽን ከረጢት የሚገኘውን ዱቄት የሚመስለውን በወንፊት ንፋው። ለማጣበቂያ እንደ ወፍራም ሽሮ፣ ለማዕዘን መሙያ እንደ ገንፎ። በማንኪያ አንሥተህ ስትገለብጠው ጠብ ካለ ገና ነው። በማንኪያው ጀርባ 2 ሳንቲም ራዲየስ ያለው ጎድጓዳ አድርገህ ጎትተው፣ ገና እርጥብ እያለ ጥብጣቡን አልብሰው። መጀመሪያ በሽቦዎቹ መሃል መሃል ብቻ ሙላ፣ ሲጠነክር ሽቦውን ንቀል፣ ከዚያ ቀሪውን ጨርስ። የማይነቀል ሽቦ ካጋጠመህ ጫፉን በብየዳ ሳልዳቶር አሙቀው፣ ሬዚኑ ይለሰልሳል።

ጊዜውን በተመለከተ፦ ከጥር እስከ መጋቢት ይሻልሃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ለኢፖክሲ በጣም ይበርዳል፤ ክረምት ደግሞ እርጥበቱ ሬዚኑ ላይ እንደ ሰም የሚያዳልጥ ሽፋን ያወጣል። ያንን ሽፋን ብርጭቆ ወረቀት አታስነካው፣ ትቀብረዋለህ። በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሻካራ ስፖንጅ እጠበው፣ ከዚያ አለስልስ። የመጀመሪያውን ቅብ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ጀምር። ጠዋት ከቀባህ እንጨቱ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ተስፋፍቶ በቅቡ ላይ ፊኛ ያወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ሬዚኑን ወደ ውስጥ ይስባል። ማታ በፕላስቲክ ሸራ ሸፍነህ ከሥር ሁለት ባለ 100 ዋት ባለ ሽቦ አምፖል አብራ፣ ከሸራውና ከእንጨቱ አርቀህ። ከሰል አይሆንም፤ አንደኛ እሳት፣ ሁለተኛ ጭሱ ገዳይ ነው።

የኮምፔንሳቶውን ጠርዝ ሁሉ፣ የቀዳዳዎቹን ውስጥ ጭምር፣ ሦስት ጊዜ ሬዚን አጠጣ። ውሃ የሚገባው በፊቱ አይደለም፣ በጠርዙ ነው። ጓንት ሳትለብስ አትንካ። ቆዳህ ላይ ካረፈ በአቼቶ ጥረግና በሳሙና ታጠብ። በቲነር ከጠረግኸው ወደ ቆዳህ ይበልጥ ይገባል። በመጨረሻም ሳትቀባ እንዳትተወው። የዚህ አገር ከፍታ ፀሐይ ባዶ ኢፖክሲን ያነጣዋል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል።

ባለ ጠባብ ግቢ

ሁለታችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ፕላኑ ላይ ከፊትና ከኋላ መቀመጫ ሥር የታሸገ የአየር ሣጥን አለ። እንደዚያው ልሥራው ወይስ ክፍት ልተወው?

ዝዋይ ዳር

ሣጥኑ ይኑር፣ ግን ክዳን ያለው ቀዳዳ አድርግበት። አዲስ አበባ መሃል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዝዋይ ሐይቅ 1,640 አካባቢ። አዲስ አበባ አሽገኸው ስትወርድ የውጭው አየር ግፊት ወደ 70 ሄክቶፓስካል ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል። 1 ሜትር በ40 ሳንቲም በሆነ የመቀመጫ ገጽ ላይ ግን የ280 ኪሎ ያህል ጫና ነው፣ በ6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ላይ! ስፌቱ መንገድ ላይ ይሰነጠቃል። ሲጫን ክዳኑ ክፍት፣ ውሃ ላይ ሲወርድ ዝግ። ይህን ሁልጊዜ እረሳለሁ ካልክ ሣጥኑን ተወውና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ በቀበቶ እሰር። እያንዳንዱ 20 ኪሎ ያነሣል። ጀሪካኑ ቢጨመደድ ምንም አይደለም።

ጭነቱን እንዲህ አስላው። ወለሉ ወደ 2 ካሬ ሜትር ነው፤ ጫፎቹ ስለሚነሡ እያንዳንዱ ሳንቲም ጥልቀት 17 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ጀልባዋ 40 ኪሎ፣ ሁለት ሰው 140፣ ዕቃ 20። 12 ሳንቲም ትሰምጣለች፣ ከ25 በላይ ከውሃ በላይ ይቀራል። ሦስተኛ ሰው አትጫን። ስሌቱ ቢፈቅድም ሰው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል አይፈቅድም።

መቅዘፊያው 2 ሜትር ከ10 ይሁን። የመቅዘፊያ መያዣው ቦታ ከመቀመጫው የኋላ ጠርዝ ወደ ጀልባዋ ጀርባ 30 ሳንቲም፣ ከመቀመጫው ከፍታ በላይ 18 ሳንቲም ገደማ። ብዙ ሰው በግምት ያደርገውና ጉልበቱን እየመታ ይቀዝፋል። ከወለሉ ሥር ከኋላ 60 ሳንቲም ርዝመት፣ 8 ሳንቲም ቁመት ያለው ክንፍ ግጠም። ያለ እሱ ፕራም እንደ ሳህን ይሽከረከራል።

ማፍሰሷን ግቢህ ውስጥ እወቅ። ወለሉን በሦስት ቦታ በሞራሌ ደግፈህ ከሥሯ ጋዜጣ አንጥፍ፣ 10 ሳንቲም ውሃ ሙላባት። ወደ 170 ሊትር ስለሆነ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቅ፣ ወይ በርሜል አዘጋጅ። ጋዜጣው ላይ ያረፈችው ነጠብጣብ ቦታውን ትነግርሃለች።

ዝዋይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ ለጠፍጣፋ ፊት ጀልባ መጥፎ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ከውሃው ውጣ። ጉማሬ ስላለ ንጋትና ምሽት ላይ ከሸምበቆው ራቅ። የሕይወት ጃኬት ለሁለታችሁም፣ ታስሮ ሳይሆን ተለብሶ።

ባለ ጠባብ ግቢ

ፍሬሙን ሞከርነው። በጎን አልዞረም፣ ልክ እንደተባለው። ቆሞ መዞሩን ይዞራል፣ ግን መታጠፊያው ላይ የጎረቤት ክዳን በ2 ሜትር ከፍታ ላይ ወጣ ብሏል።

ሰጋቱራ

እንግዲያው ሁለት ቁራጭ ሥራት። ከመሃል ትንሽ ወደ ፊት ሁለት ባለ 12 ሚሊ ግድግዳ፣ በመካከላቸው 5 ሚሊ ክፍተት ትተህ አቁም። ክፍተቱን በፌስታል በተጠቀለለ ካርቶን ጠብቀው፣ ሬዚን እንዳይገባ። ሁለቱን ገና ከመግጠምህ በፊት አጣብቀህ አንድ ላይ የቦልት ቀዳዳ ብሳ፤ በኋላ ከበሳህ አይገናኝም። አራት ባለ 10 ሚሊ የማይዝግ ቦልት፣ ሁለቱ ከላይ ከከንፈሩ ሥር፣ ሁለቱ ከወለሉ 6 ሳንቲም ከፍ ብሎ፣ በሰፊ ሮንዴላ። ለታችኞቹ ከጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ጨምርባቸው፣ ከውሃ መስመር በታች ናቸው።

ጀልባዋን እንደ አንድ ጨርሰህ፣ ሬዚኑ ሳምንት ከጠነከረ በኋላ በክፍተቱ መሃል በመጋዝ ክፈላት። የተቆረጠውን ጠርዝ በዚያው ቀን ሬዚን አጠጣ። ትልቁ ቁራጭ 1 ሜትር ከ30 ይሆናል፣ በጎኑ ያንን መታጠፊያ ይዞራል። ክብደቷ በ7 ኪሎ ገደማ ይጨምራል፣ አንድ ተጨማሪ ሉህም ግዛ። የመሃል መቀመጫውን ከግድግዳው ጋር እንዳታያይዘው፣ ከኋለኛው ቁራጭ ጋር ብቻ ይሁን።