«አን ኤስቲሜትድ ቱ ሀንድሬድ ፒፕል»፦ «አን» ከብዙ ቁጥር ጋር ምን ያደርጋል?

ቃል ለቃሚ
ሰላም ለቤቱ። የዜና ትርጉም ላይ ነው የምሠራው። ከእንግሊዝኛው አንድ ሐረግ ባየሁት ቁጥር ይጎረብጠኛል፦ «አን ኤስቲሜትድ ቱ ሀንድሬድ ፒፕል ዌር ኪልድ»። «ኤ»ና «አን» የነጠላ ስም ናቸው ተብለን ነው ያደግነው። እዚህ ግን «አን» ሁለት መቶ ሰው ፊት ተገትሮ አገኘዋለሁ። ግሡ ደግሞ «ዎዝ» አይልም፣ «ዌር» ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ፈረንጅም ይሳሳታል፣ እለፊው» አለኝ። ስህተት እንዳልል በየቀኑ ይጻፋል። ወደ አማርኛ ሲመጣ ደግሞ «የተገመቱ 200 ሰዎች» የሚሉ አሉ፤ ሰዎቹን ማን እንደገመታቸው እንጃ።

ጋሽ ሰዋስው
እህቴ፣ ስህተት አይደለም። «ኤስቲሜትድ» የሚገልጸው ሰዎቹን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። የተገመተው ሁለት መቶነታቸው ነው። ቅጽል ከቁጥር ፊት ሲገባ ቁጥሩና ስሙ ተጠቅልለው እንደ አንድ መጠን ይታያሉ፤ «አን» የገባውም ለዚያ መጠን ነው። እስቲ ቅጽሉን አውጪውና «ኤ ቱ ሀንድሬድ ፒፕል» በይ፤ ይፈርሳል። ቅጽሉን መልሰሽ ቁጥሩን አውጪና «አን ኤስቲሜትድ ፒፕል» በይ፤ እሱም ይፈርሳል። «አን» ሁለቱንም ይፈልጋል ማለት ነው።

ዘመዶቹም ብዙ ናቸው። «ኤ ሚር ፋይቭ ሀንድሬድ ብር» ሲሉ «500 ብር ብቻ፣ እሱስ ምን አላት» ማለታቸው ነው። «ኤ ስታገሪንግ ቱ ሚሊዮን» ሲሉ ደግሞ ቁጥሩ ራስ የሚያዞር ነው እያሉ ነው። «አን አዲሽናል ቴን ሚኒትስ» ተጨማሪ አሥር ደቂቃ ነው።

ግሡን በተመለከተ፣ ሰዎች ሲሆኑ ብዙ ቁጥር ይይዛል፤ የሞቱት ሰዎቹ ናቸውና «ዌር»። ጊዜና ገንዘብ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ መጠኑ እንደ አንድ ነገር ይቆጠርና «አን ኤክስትራ ቴን ሚኒትስ ኢዝ ኦል አይ ኒድ» ይባላል።

ለትርጉሙ «ቁጥራቸው ወደ 200 የሚገመት ሰዎች» ብትዪ እወዳለሁ። «የሚገመት» በነጠላ የቀረው ከ«ቁጥር» ጋር ስለሚስማማ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ሐሳብ በትክክል ይዞታል። «ወደ 200 የሚገመቱ ሰዎች» ብትዪም ማንም አይከስሽም። ቦታ ሲጠብሽ «200 ያህል ሰዎች» ይበቃል።

የጀበና ፈላስፋ
ጋሼ፣ ቅጽሉ የሚገልጸው ቁጥሩን ነው ያሉት ሁሉም ቦታ አይሠራም። «ዊ ስፔንት ኤ ቢዩቲፉል ቱ ዊክስ ኢን ባሕር ዳር» ቢባል፣ ያማረው «ሁለት»ነቱ አይደለም፤ ሳምንቶቹ ናቸው።

በሌላ በኩል «ኤ ጉድ ቱ አወርስ»ና «ቱ ጉድ አወርስ»ን አስተያዩልኝ። የመጀመሪያው ድፍን ሁለት ሰዓት፣ ቢበልጥ እንጂ የማያንስ ማለት ነው። ሁለተኛው ደስ ብሎን ያሳለፍናቸው ሁለት ሰዓቶች። ጥርሱን ሊያስነቅል ወረፋ የጠበቀ ሰው «አይ ዌይትድ ኤ ጉድ ቱ አወርስ» ቢል፣ ደስ ብሎት ነበር ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም!

ጋሽ ሰዋስው
መልካም ማስተካከያ ነው ልጄ። እንግዲያው እንዲህ እንበል፦ ቅጽሉ የሚያርፈው በጥቅሉ ላይ ነው። «ኤስቲሜትድ»፣ «ሚር»፣ «ጉድ» ከጥቅሉ ውስጥ ብዛቱን ይመርጣሉ፤ «ቢዩቲፉል» ደግሞ ሁለት ሳምንቱን እንዳለ፣ እንደ አንድ ቆይታ ያያል። «ቱ ቢዩቲፉል ዊክስ» ካልን ግን ጥቅሉ ተፈትቶ እያንዳንዱ ሳምንት ለየብቻው ያማረ ይሆናል።

ቡሄ በሉ
ይሄ ነገር ድሮ ያለ ቅጽልም ይቻል ነበር። በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ሉቃስ 9፥28ን ክፈቱ። ጌታ ጴጥሮስን፣ ዮሐንስንና ያዕቆብን ይዞ ወደ ተራራው የወጣበት፣ የቡሄያችን ታሪክ ነው። እዚያ ላይ «አባውት አን ኤይት ደይስ» ይላል። «አን» ከስምንት ቀናት ፊት፣ መሐላቸው ምንም ቅጽል የለም! የዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንዲህ ብሎ አይጽፍም።

ለእኛስ ምኑ ያስገርማል? «አንድ አሥር ደቂቃ ጠብቀኝ»፣ «አንድ ሃያ ሰው ይሆናል የመጣው» እንል የለም ወይ? አንድም ሃያም በአንድ ሐረግ ውስጥ። የእንግሊዝኛው «አን» ራሱ የጥንቱ «አንድ» ነው፣ ከቁጥር ወርዶ ነው መስተአምር (እንደ «ኤ»፣ «አን»ና «ዘ» ያለ የስም አጃቢ) የሆነው። የእኛው «አንድ» በዚህ ቦታ ግምት ያመጣል፣ የዛሬው የእነሱ «ኤ» ግን በራሱ ግምት አያመጣም፤ ግምቱን «ኤስቲሜትድ» ነው የሚነግረን። ስለዚህ «አንድ አሥር ደቂቃ»ን «ኤ ቴን ሚኒትስ» ብላችሁ እንዳታሻግሩት፤ «አባውት ቴን ሚኒትስ» ነው።

ቃል ለቃሚ
«አንድ ሃያ ሰው»ን ዕድሜ ልኬን ስለው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ አላየሁትም። ተባረክ!

ቨርጂኒያ ማዶ
ልጨምር። «አናዘር ፋይቭ ሚኒትስ»ም ያው ነው። «አናዘር» ማለት «አን»ና «አዘር» ተጣብቀው ነው፤ ግን ከአምስት ደቂቃዎች ጋር ያለ ችግር ይኖራል። እኛም «ሌላ አምስት ደቂቃ ስጠኝ» እንላለን፣ «ሌሎች አምስት ደቂቃዎች» የሚል ሰው አልገጠመኝም።

እዚህ አገር የምንኖር አበሾች ላይ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። «ሌሎች ሰዎች» ስለምንል «አዘርስ ፒፕል» እንላለን። የእንግሊዝኛ ቅጽል የብዙ ቁጥር ምልክት አይቀበልም፤ «አዘርስ» ብቻውን ሲቆም ነው «ስ» የሚይዘው፣ ያኔ ስም ሆኗልና። የእኛ ቅጽል ለጋስ ነው፤ ትልልቅ ቤቶች፣ ረጃጅም ዛፎች፣ አዳዲስ ልብሶች እያለ ራሱን ይደጋግማል። የእነሱ «ቢግ» ቤቱ አንድም ሆነ መቶ «ቢግ» ነው። ስምም ቢሆን የቅጽል ወንበር ላይ ሲቀመጥ «ስ»ን ያወልቃል፤ ጉዞው አምስት ቀን ቢፈጅ «ኤ ፋይቭ ደይ ትሪፕ» ነው፣ «ደይስ» አይባልም። እንደ «ስፖርትስ ካር» ያሉ አፈንጋጮች አሉ፣ እነሱን መሸምደድ ነው።

የጀበና ፈላስፋ
መስተአምሩም እንደዚያው ነው። እኛ «ትልቁ ቤት» ስንል «ኡ»ን ቅጽሉ ላይ እንሰካለን፣ ብዙ ሲሆን «ትልልቆቹ ቤቶች»። እነሱ «ዘ»ን በር ላይ አንዴ ያቆሙና ይጨርሳሉ። አንዴ ብቻ መባሉ ግን አንዳንዴ ያሳስታል። «ዘ ብላክ ኤንድ ዋይት ካውስ» ሲባል እያንዳንዷ ላም ቡሬ ናት ወይስ ግማሾቹ ጥቁር፣ ግማሾቹ ነጭ? ሁለቱንም ያስኬዳል። «ዘ ብላክ ኤንድ ዘ ዋይት ካውስ» ብለው «ዘ»ን ሲደግሙት ሁለት መንጋ መሆኑ ይለያል። በአማርኛ «ጥቁሮቹና ነጮቹ ላሞች» ስንል ነገሩ ከመነሻው ጥርት ያለ ነው። እዚህ ላይ እንኳን የእኛው ይሻላል፣ ማዳላት ካልሆነብኝ።

ቨርጂኒያ ማዶ
ስለ መስተአምርና ብዙ ቁጥር ካነሳን የምኖርበት አገር ስም ራሱ «ዘ»፣ ቅጽልና ብዙ ቁጥር ስም ነው፦ «ዘ ዩናይትድ ስቴትስ»። ዛሬ ግሡ «ኢዝ» ነው። በ1787 በተረቀቀው ሕገ መንግሥት ግን ስለ ክህደት ወንጀል የሚናገረው አንቀጽ አገሪቱን «ዜም»፣ ጠላቶቿንም «ዜር ኤነሚስ» ይላል፤ እነሱ፣ ጠላቶቻቸው። ባርነትን የሻረው የ1865ቱ ማሻሻያም «ዜር ጁሪስዲክሽን» ይላል። አገሪቱ በሰዋስው ደረጃ «እሷ» የሆነችው ቀስ ብላ ነው።

ቃል ለቃሚ
ከመለያየታችን በፊት አንድ ሌላ ልጠይቅ። «ዘ ኢንጀርድ» የሚለውን አንዳንዴ «ተጎጂው» ብለው ሲተረጉሙት አያለሁ። ልክ ነው?

ጋሽ ሰዋስው
አይደለም። «ዘ» ከቅጽል ጋር ብቻውን ሲቆምና ስለ ሰው ሲነገር ወገኑን በሙሉ ነው የሚጠራው፤ «ስ» ባይኖረውም ብዙ ቁጥር ነው። «ዘ ሪች» ሀብታሞች፣ «ዘ ብላይንድ» ዓይነ ስውራን፣ «ዘ ኢንጀርድ» ተጎጂዎቹ። የእኛ «ሀብታሙ» አንድ ሰው ነው፣ ግራ መጋባቱም ከዚያ ይመጣል። በእንግሊዝኛ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ «ዘ ኢንጀርድ ማን» ብለው ስም ይጨምራሉ።

የፍርድ ቤት ዜና ሲገጥምሽ ግን ተጠንቀቂ። «ዘ አኪዩዝድ»ና «ዘ ዲሲስድ» ለአንድ ተከሳሽና ለአንድ ሟችም ያገለግላሉ። ግሡ «ዎዝ» ከሆነ አንድ ሰው ነው፣ «ዌር» ከሆነ ከአንድ በላይ። እንደ «ፕሊድድ» ያለ ቁጥር የማያሳይ ግሥ ከመጣ ቀጥሎ «ሂዝ» ወይም «ኸር» ይላል እንደሆን እዪ፤ እሱም ከሌለ የተከሳሾቹን ብዛት ከሌላው አንቀጽ ሳታጣሪ «ተከሳሹ» ብለሽ አትጻፊ።