አስቸኳይ፦ የመርከብ እራት ሰልፍ! እናቴ መቆም አትችልም፣ ጠረጴዛውም አልተስማማትም

ሚሚ መንገደኛ፣ 10:12
ሰላም ለሁላችሁ። አሁን ክሩዝ መርከብ ላይ ነን። የተሳፈርነው ትናንት ነው። እራት 11:30 ይጀምራል። ትናንት 11:20 ደርሰን 40 ደቂቃ በር ላይ ቆምን። ከኋላችን የመጡ ሰዎች ዓይናችን እያየ ቀድመውን ገቡ። እናቴ እግሯን ያማታል፣ ብዙ መቆም አትችልም። በመጨረሻ ሲያስገቡን ደግሞ ጥግ ላይ መስኮት ዳር አስቀመጡን። ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። እናቴን አቅለሸለሻት፣ ሳትበላ ወጣች። እህቴን ከነቤተሰቧ ሌላ ጠረጴዛ ወሰዷቸው። ዛሬም እንደዚያ እንዳይሆን ምን ላድርግ? የቀረኝ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል፣ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።

ቶሎ በላሁ፣ 10:15
ቀላል ነው። 11:00 ላይ ሄዳችሁ በሩን ያዙ። እኔ 6 ጊዜ በመርከብ ሄጃለሁ፣ አንድም ቀን ማንም ቀድሞኝ ገብቶ አያውቅም። አስተናጋጆቹ ከበሩ ጋር አብሬ የተሠራሁ ይመስላቸዋል 😄

ሚሚ መንገደኛ፣ 10:17
ወንድሜ፣ እናቴ መቆም አትችልም ነው እኮ ያልኩት።

ሰማያዊ ሸራ፣ 10:19
ይቅርታ እህቴ፣ እኔ ግን ሰልፉ ራሱ አይገባኝም። ቋሚ ጠረጴዛ ካላችሁ ወንበሩ የእናንተ ነው፣ ማንም አይወስድባችሁም። በሩ ከተከፈተ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሂዱ፣ ሰልፉ አልቆ ነው የምታገኙት። ሰው ሰልፍ ሲያይ ይሰለፋል፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ደግሞስ በ11:30 ማንን ይርበዋል? ወደ ሁለተኛው የእራት ዙር ቀይሩ። ማታ 2:00 ወይም 2:15 አካባቢ ነው የሚጀምረው። ረጋ ያለ ነው፣ ከኋላ የሚጠብቅ ዙር ስለሌለ ማንም ቶሎ ጨርሱ አይላችሁም።

ሚሚ መንገደኛ፣ 10:21
2:00 ለእሷ አይሆንም። መድኃኒት አላት፣ በሰዓቱ መብላት አለባት።

ጋሽ አንባቢ፣ 10:25
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ብታዪው ይቀልሻል። እራት በሁለት ዙር የሚበላው አዳራሹ ሁሉንም ተሳፋሪ በአንድ ጊዜ ስለማይዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለው መርከብ አልጋው ሁሉ ሲሞላ 7,600 ገደማ ሰው ይይዛል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስቀምጥ አዳራሽ የለም።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ድሮ አትላንቲክን በሚያቋርጡት መርከቦች መንገደኛው እንደተሳፈረ ቶሎ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ የመመገቢያ ክፍሉን ኃላፊ አግኝቶ ወንበር ማስያዝ ነበር። የዘገየ ሰው የተረፈውን ወንበር ይዞ እስከ ወደቡ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1905 አሜሪካ የሚባለው የጀርመን መርከብ ሪትዝ ካርልተን የተሰኘ ሬስቶራንት ይዞ መጣ። አቅም ያለው ተጨማሪ ከፍሎ ከዝርዝሩ የወደደውን እየመረጠ ይበላ ነበር። ለብዙኃኑ ግን ቋሚ ሰዓትና ቋሚ ወንበር ለረጅም ጊዜ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የተባለው የመርከብ ኩባንያ ፍሪስታይል ብሎ ቋሚውን ዙር ማስቀረት ጀመረ። ዛሬ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ሁለቱንም ያቀርባሉ። የዲዝኒ መርከቦች ደግሞ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንገደኛውን በየምሽቱ ሬስቶራንት ያቀያይሩታል፣ አስተናጋጁም አብሮት ይዞራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትለዪው ነገር፣ እናንተ ያላችሁት በቋሚው ነው ወይስ በፈለጋችሁት ሰዓት በሚባለው? መፍትሔው እንደዚያ ይለያያል።

ዶልፊን 7፣ 10:27
ቀደም ብሎ መሄድ ነው እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም። ግማሽ ሰዓት ቀደም በሉ።

የቀድሞ አስተናጋጅ፣ 10:29
ዶልፊን፣ እሱ ተብሏል፣ አይሆንላትም። ሚሚ፣ ጋሼ መጨረሻ ላይ የጠየቁሽን መልሺልኝ። የካቢን ካርዳችሁ ወይም አፑ ላይ የጠረጴዛ ቁጥር አለ? ስንት ናችሁ? ከእህትሽ ጋር በአንድ ቦታ ማስያዣ ነው የመጣችሁት ወይስ ለየብቻ? በመርከብ የመመገቢያ አዳራሽ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ እነዚህን ካወቅኩ ልረዳሽ እችላለሁ።

ሚሚ መንገደኛ፣ 10:33
ጋሼ አመሰግናለሁ። ካርዱ ላይ የጠረጴዛ ቁጥር የለም። አፑ ላይ "ክፍት ሰዓት" የሚል ነገር አለ። እኛ 3 ነን፣ እነሱ 4። ለየብቻ ነው ያስያዝነው፣ እሷ በኋላ ነው ልምጣ ያለችው።

የቀድሞ አስተናጋጅ፣ 10:41
በይ፣ አሁን ገባኝ። ቋሚ ጠረጴዛ የላችሁም። ስለዚህ የሰማያዊ ሸራ ምክር ለቋሚዎቹ ልክ ነው፣ ለእናንተ ግን አይሠራም። በክፍት ሰዓት ዘግይቶ መሄድም አንዳንዴ ያው ነው፣ ጠረጴዛ እስኪለቀቅ ትጠብቂያለሽ።

ሰዎች ለምን ቀደሟችሁ መሰለሽ? አድልዎ አይደለም። እናንተ 7 ናችሁ። 7 ሰው የሚቀመጠው የ8 ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ጥቂት ነው። ሁለት ሆኖ የመጣ ሰው የ2 ወይም የ4 ጠረጴዛ እንደተገኘ ይገባል። በር ላይ ያለችው ልጅ የምታየው የተራውን ቁጥር ሳይሆን የጠረጴዛውን መጠን ነው። በዚያ ላይ ባዶ ጠረጴዛ እያለም ሁሉንም በአንዴ አታስገባም። አንድ አስተናጋጅ የያዛቸው ጠረጴዛዎች በሙሉ በአንድ ደቂቃ ከሞሉ ትእዛዙ ወጥ ቤት ላይ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ሁሉም ሰው ይዘገይበታል። የ8 ጠረጴዛ ሲጠፋ ነው ለሁለት የከፈሏችሁ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ። ተነሺና ብቻሽን ወደ አዳራሹ ሂጂ። በሩ ዝግ ቢሆንም ሰው አለ። የአዳራሹን ኃላፊ ጠይቂ፣ ሜትር ዲ ይሉታል። ከበሩ አስተናጋጅ ጋር አትከራከሪ፣ ጠረጴዛ የመመደብ ሥልጣን የላትም። ለእሱ ሳታማርሪ በአጭሩ ንገሪው፤ እናቴ መቆም አትችልም፣ በሰዓቱ መብላት አለባት፣ 7 ነን፣ በየቀኑ በዚህ ሰዓት መምጣት እንፈልጋለን። በክፍት ሰዓትም ቢሆን ብዙ መርከብ ላይ ለሁሉም ምሽት አንድ ሰዓት ማስያዝ ይቻላል። አንዳንዴ ያንኑ ጠረጴዛና ያንኑ አስተናጋጅ ይሰጡሻል። የ8 ጠረጴዛ የለም ካለሽ የ4 እና የ4፣ ጎን ለጎን ብለሽ ጠይቂው። እሱ ቶሎ ይገኛል።

የእህትሽን ማስያዣ ከእናንተ ጋር እንዲያያይዙትም ንገሪያቸው። ሳይያያዝ ሲቀር ሲስተሙ እንግዳ ሰዎች አድርጎ ነው የሚያያችሁ።

ነፋሻ፣ 10:43
ቡፌ ብሉ በቃ! ሰልፍ የለ፣ ጣጣ የለ።

ሚሚ መንገደኛ፣ 10:46
ነፋሻ፣ ቡፌውን ሞክረናል። ሳህን ይዛ መዞር አትችልም፣ እኔ ባመጣላትም ቦታ ፍለጋ ብዙ ተንከራተትን። ደግሞ የስኳር ሕመም አለባት፣ ከእራት በፊት መርፌ ትወጋለች። ቁጭ ብላ በሥርዓት ብትበላ ነው የሚሻላት። የቀድሞ አስተናጋጅ እግዜር ይስጥህ፣ እየሄድኩ ነው።

ነጭ ጋውን፣ 10:48
ሚሚ ቆይ፣ ከመሄድሽ በፊት። ነርስ ነኝ። ትናንት መርፌውን ወግታ ነው ወይ 40 ደቂቃ የቆመችው?

ሚሚ መንገደኛ፣ 10:49
አዎ። 11:15 ካቢን ውስጥ ወጋች።

ነጭ ጋውን፣ 10:54
እህቴ፣ ከጠረጴዛው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ከምግብ በፊት የሚወጋው ፈጣን ኢንሱሊን ከሆነ፣ ከወጋች በኋላ ምግቡ ሲዘገይ ስኳሯ ይወርዳል። ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ድካም፣ ግራ መጋባት ሁሉ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ትናንት ያቅለሸለሻት በጠረጴዛው ብቻ ላይሆን ይችላል። ሳትበላ መውጣቷ ደግሞ የበለጠ አደገኛ ነው።

መጠኑን በራሳችሁ አትቀይሩ። ግን ካቢን ውስጥ ወግታችሁ ወደ ሰልፍ አትሂዱ። መርፌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከተቀመጠችና ምግቡ መምጣቱን እርግጠኛ ከሆናችሁ በኋላ ትውጋ። ቦርሳሽ ውስጥ ጁስ ወይም ስኳር ይኑር። መለኪያውንም ያዢ። ደስ ካላላት ወዲያው ለኩ፣ ወርዶ ከሆነ ጁሱን ስጫት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። መርከቡ ላይ ክሊኒክ አለ። ዛሬ ጎራ በሉና ትናንት የሆነውን ንገሯቸው። የመርፌውን ሰዓት በተመለከተ ሐኪሙ የሚለውን ስሙ።

ለሜትር ዲውም "መድኃኒት አላት" ብቻ አትበዪው። "ኢንሱሊን ትወስዳለች" በዪው። ለምን በሰዓቱ መብላት እንዳለባት ያኔ ይገባዋል።

የቀድሞ አስተናጋጅ፣ 10:56
ነጭ ጋውን ያለችውን ሁሉ አድርጊ። እኔም ኢንሱሊን የሚለውን ቃል ስሰማ ዳቦና ጁስ ቀድሜ አመጣ ነበር። ንገሪያቸው እንጂ እነሱ አይገምቱም።

ሰማያዊ ሸራ፣ 10:58
ሚሚ ይቅርታ፣ ይሄን ባውቅ 2:00 ላይ ብሉ አልልሽም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር። መስኮት ዳር መጥፎ ነው ብለሽ አትደምድሚ። ለባሕር ሕመም አድማሱን ማየት ይረዳል። እኔ ሁልጊዜ መስኮት ነው የምጠይቀው።

የቀድሞ አስተናጋጅ፣ 11:01
እውነት ነው፣ ብርሃን እስካለ ድረስ። ከመሸ በኋላ ግን መስኮቱ መስታወት ብቻ ነው። የሚንቀጠቀጠው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ብዙ መርከቦች ላይ ዋናው አዳራሽ ከኋላ ጫፍ ነው፣ መርከቡን የሚገፋው ፕሮፔለር ከታች አለ። የኋላ መስኮቶች ጋ ብርጭቆው ሲንጣጣ ትሰሚያለሽ፣ መርከቡ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ይብሳል። ማዕበል ሲኖርም ከፍ ዝቅ የሚለው ከሁሉ በላይ ጫፍና ጫፉ ነው። ስለዚህ ሚሚ ወደ መርከቡ መሐል የቀረበ ጠረጴዛ ጠይቂ። አዳራሹ ሁለት ፎቅ ከሆነ ታችኛው ይሻላል። ለእናትሽ እግር ደግሞ ከበሩ ብዙ የማይርቅ ይሁን። ከወጥ ቤቱ በር ጎን ግን እንዳይሰጡሽ፣ ትሪ የያዘ ሰው ሲገባና ሲወጣ ነው የሚያመሸው።

ቶሎ በላሁ፣ 11:03
እኔም ይቅርታ፣ ሳላነብ ነው የጻፍኩት። አንድ የማውቀው ነገር አለ። አሳንሰሩ አጠገብ ባለው በር የሚሰለፈው ሰው ሁልጊዜ ይበዛል። አንዳንድ አዳራሽ ከአንድ ፎቅ በታችም በር አለው፣ እዚያ ሰው ይቀንሳል። እናትሽ ደግሞ በሩ አካባቢ ያለው ሳሎን ውስጥ ትቀመጥ፣ አንቺ ብቻ ስምሽን አስመዝግቢ። ወይ በአፑ መልእክት ይልካሉ ወይ የሚጮህ ፔጀር ይሰጡሻል። ሁሉም ሰው መሰለፍ የለበትም።

ዶልፊን 7፣ 11:04
ስልክሽ የሚያሳየው የመርከቡን ሰዓት መሆኑንም እዪ። መርከቡ ሰዓት ሲቀይር ስልኩ በራሱ ላይቀይር ይችላል። እኔ በዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይቼ ደርሼ አውቃለሁ። በወረቀቱ ላይ 17:30 የሚለው የእኛ 11:30 ነው።

ሚሚ መንገደኛ፣ 11:12
አዳራሹ በር ላይ ነኝ። ሜትር ዲው አለ፣ ብዙ ሰው ከቦታል፣ ሁሉም ጠረጴዛ ቀይርልኝ ነው የሚለው። ኢንሱሊን ስለው ቀና ብሎ አየኝ። ስሟንና የካቢን ቁጥራችንን ጻፈ። እናትሽን አምጪና እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጥ አለኝ። መርፌዋን አልወጋችም፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ስለ እህቴ ገና አልጠየቅኩትም። ኢንተርኔቱ ሊዘጋብኝ ነው፣ እመለ

ነጭ ጋውን፣ 1:20
ሚሚ፣ በላች? ስኳሯ ስንት ሆነ?

ሐምራዊ፣ በማግሥቱ 4:05
እኔ የፊታችን ሳምንት ነው የምሳፈረው፣ አባቴን ይዤ። እንደ ሚሚ እንዳልሆን ምን ላድርግ?

የቀድሞ አስተናጋጅ፣ 4:31
ቤት ሳለህ ማስያዣዎቻችሁን አያይዙ። ከአባትህ ጤና ጋር የተያያዘ ነገር ካለም ለኩባንያው አሁኑኑ አስመዝግብ። ከዚያ በተሳፈርክበት ቀን ሌላ ነገር ሳትነካ ሜትር ዲው የት እንደሚቀመጥ ፈልግ። ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሰዓት ጠረጴዛ ለመቀየር ብቻ ይቀመጣል፣ ቦታው በዕለቱ ፕሮግራም ወረቀት ወይም በአፑ ላይ ይጻፋል። ሰው ሁሉ ቡፌ ላይ ሲጋፋ አንተ እሱ ጋ ሁን። የመጀመሪያው ምሽት ሰልፍ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ገና ማንም ቦታውን አያውቅም። ሦስተኛው ቀን ላይ ይቀላል።

ነጭ ጋውን፣ 4:40
ሚሚ? በአንድ ቃል እንኳ መልሺልኝ።