ክርክር፦ የድፍድፍ (በሙቅ ውሃ የተዘፈዘፈ ብቅል) አሲድን ማስተካከል ግድ ነው ወይስ ትርፍ ድካም?

ብቅል ወዳድ፦ ትናንት አንድ ሰው «ለምላስ እንጂ ለመለኪያ አንጠምቅም፤ ድፍድፍ ላይ አሲድ መጨመር ቢራውን ማበላሸት ነው» ብሎ ጻፈ። በጣም ነው ያናደደኝ። ስንት ጀማሪ ይህን አምኖ አፍ የሚያደርቅ ቢራ ጠምቆ ተስፋ ይቆርጣል!

ጥቁር ቢራ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። አሥር ዓመት ስጠምቅ አንድ ጠብታ አሲድ አልጨመርኩም፤ ቢራዬም ጥሩ ነው።

ብቅል ወዳድ፦ ጥቁር ስለምትጠምቅ ነዋ! የተቆላ ብቅል ራሱ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩን፤ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ያወርድልሃል። አሲድን የሚያዳክመው ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ ላይ ፈካ ያለ ብቅል ብቻ ጨምረህ ሞክር፤ ከ5.6 በላይ ይወጣብሃል። የምንፈልገው ከ5.2 እስከ 5.6 ነው። የአየርላንዷ ደብሊን በጥቁር፣ የቼኳ ፒልሰን በፈካ ቢራ የታወቁት እኮ አንዱ ምክንያት ውሃቸው ነው።

ጥቁር ቢራ፦ ታዲያ ያኔ መለኪያ ነበራቸው? በምላሳቸው ነው የደረሱበት።

አረፋ፦ በስንት ትውልድ? እኔ ያለችኝ አንዲት ቅዳሜ ናት። ደግሞ ፒኤችን በ1909 ያመጣው የዴንማርኩ ኬሚስት ሶረንሰን የሚሠራው የት ነበር? የቢራ ጠማቂው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ! ፒኤች የቢራ ቤት ልጅ ነው፤ እንደ ባዕድ አትዩት።

ጥቁር ቢራ፦ ምላስ አይዋሽም።

ብቅል ወዳድ፦ አይዋሽም፣ ይዘገያል እንጂ። ምላስህ «አፍ የሚያደርቀው ታኒን በዝቷል» የሚልህ ቢራው ካለቀ በኋላ ነው። ድፍድፉን ማዳን የምትችለው ግን ገና ስታሞቀው፣ ስታርቹ ወደ ስኳር ሳይቀየር ነው።

ንጹሕ ብቅል፦ እኔ ማስተካከሉን እደግፋለሁ፤ የጠርሙስ አሲድ ግን አይዋጥልኝም። ጀርመኖች እንደሚያደርጉት አሲዳማ ብቅል ጨምሩ። ከጠቅላላው ብቅል 1 በመቶው ፒኤቹን በ0.1 ገደማ ያወርዳል።

አረፋ፦ እሱም ውስጡ ያለው ያው በጠርሙስ የሚሸጠው ላክቲክ አሲድ ነው እኮ!

ንጹሕ ብቅል፦ በባክቴሪያ ብቅሉ ላይ የተሠራና በጠርሙስ የተገዛ አንድ ነው? ለእኔ አይደለም።

አረፋ፦ ለድፍድፉ አንድ ነው። ይልቅ ብቅል ወዳድ፣ 5.2 ያልከው በትኩሱ ነው ወይስ ቀዝቅዞ? በ65 ዲግሪ ሲለካ ከ0.2 እስከ 0.3 ዝቅ ብሎ ይታያል። ሰው እንዳታሳስት።

ብቅል ወዳድ፦ ቀዝቅዞ። ልክ ነህ፣ መጻፍ ነበረብኝ። ትኩስ ውስጥ መንከር መለኪያውንም ቶሎ ይገድለዋል።

ጥቁር ቢራ፦ እሺ፣ ቀጣዩን ፈካ ያለ እጠምቃለሁ። ያለ አሲድ። ቀምሼ እነግራችኋለሁ።

ብቅል ወዳድ፦ ከመቅመስህ በፊት ለካው።

ጥቁር ቢራ፦ አልለካም።