ሻማ የሚባለው ወፍ ነው ወይስ ማግፓይ ሮቢን? ሴቶቹን በምን ልለያቸው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእስያ ወፎች ፎቶዎችን በየዓይነታቸው እየለየሁ ነው። ሻማ የሚባለው ወፍና ማግፓይ ሮቢን ላይ ስደርስ ግን ግራ ገባኝ። ወንዶቹ ብዙም አያስቸግሩም። ሴቶቹ ሁለቱም ግራጫማ ናቸው፣ ሁለቱም ጅራታቸውን ቀጥ ያደርጋሉ። ጅራቱ የረዘመውን ሁሉ ሻማ ብለው ያስኬዳል? ወንድማችሁን እርዱት።

መልስ፦
ወንድሜ፣ በጅራት አትሂድ። የሴቷ ሻማ ጅራት ከወንዱ ስለሚያጥር ያሳስትሃል። መጀመሪያ ክንፉን እይ። ማግፓይ ሮቢን ወንዱም ሴቷም ክንፋቸው ላይ ረዘም ያለ ነጭ መስመር አላቸው። ሻማ ይህ የለውም። የሱ ነጭ ያለው ጀርባው ላይ፣ ጅራቱ የሚጀምርበት ጋ ነው። ክንፉን አጥፎ ነጩን ከሸፈነው ደግሞ ሆዱን ተመልከት። የወንዱ ሻማ ሆድ ደማቅ ቀይ ቡኒ ነው፤ የሴቷ ያው ቀለም ሆኖ ፈዘዝ ይላል። የማግፓይ ሮቢን ሆድ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ግራጫ ነው።

ሌላ መልስ፦
ሆድ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጃቫና ቦርኒዮ ደሴቶች ውስጥ ሆዳቸው ጥቁር የሆነ ወንድ ማግፓይ ሮቢኖች አሉ። የክንፋቸው ነጭ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ክንፍ ይቅደም።

ሌላ መልስ፦
ፎቶው የት እንደተነሳም ይጠቅማል። ማግፓይ ሮቢን ሰው አይፈራም፤ አትክልት ቦታ፣ መንደር፣ አጥር ላይ ታገኘዋለህ። ሻማ ዓይናፋር ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ደንና ቀርከሃ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይኖራል። ወፉ በሚታሰርበት የሽቦ ቤት (ኬጅ) ውስጥ የተነሳ ከሆነ ይህን እርሳው፤ ሁለቱም በድምፃቸው ምክንያት ተይዘው ይሸጣሉ። ሻማማ በጣም ስለተጠመደ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ቁጥጥር ሥር እንዲገባ ተወስኗል።

ጠያቂው፦
ተባረኩ! ለአንዳንዶቹ የድምፅ ቅጂም አለኝ። በሱ መለየት ይቻላል?

መልስ፦
ጆሮህ ካልለመደ ይከብዳል። የሻማው ዜማ ወፈር ያለና የተለያየ ነው፤ ግን ሁለቱም የሌላ ወፍ ድምፅ ያስመስላሉ። በነገራችን ላይ፣ ከታወቁት የወፍ ዜማ ቅጂዎች የመጀመሪያው የሻማ ነው። በኋላ የወፍ ድምፅ በመቅዳት የታወቀው ሉድቪግ ኮክ ገና ልጅ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1889 ጀርመን ውስጥ በኤዲሰን የሰም ሲሊንደር (የድሮ ድምፅ መቅጃ) ቀዳው።

ጠያቂው፦
ክንፉም ሆዱም የማይታይባቸውን ፎቶዎችስ ምን ላድርጋቸው?

መልስ፦
በግምት አትመድባቸው። ሁለቱም ኮፕሲከስ የሚባል አንድ ወገን ውስጥ ናቸው፤ «ኮፕሲከስ፣ ዓይነቱ ያልተለየ» ብለህ አስቀምጣቸው።